የፈሰሰ ውኃ የሚያፍሱ ሰዎች

አበው «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ብለዋል። ያለፈ ነገር እያነሣ ለሚብሰለሰል ሰው የተሰጠ ጥሩ ምክር ነው፤ ክፋት የለውም። ችግሩ ግን ይህን ተረት ያልሰሙ፣ ወይም ሰምተው እምቢ ያሉ ሰዎች በዓለም ላይ መኖራቸው ነው። ሥራቸው የፈሰሰን ማፈስ ነው። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት መሬት ላይ የተደፋ ኬሚካል፣ ከዛገ በርሜል የሾለከ መርዝ፣ ከነዳጅ ማደያ ታንከር ጠብ ጠብ ሲል የኖረ ቤንዚን ፍለጋ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ናሙና ይወስዳሉ፣ ካርታ ይሠራሉ፣ አፈር ያጥባሉ፣ ውኃ ያጣራሉ። ለዚህም ደመወዝ ይከፈላቸዋል። ለአንዳንዶቹ እንዲያውም ዳጎስ ያለ።

እኛ አገር ልጅ «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ሲባል ዶክተር፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር ይላል። «የተበከለ የከርሰ ምድር ውኃ አጽጂ» ያለ ሕፃን እስካሁን አልገጠመኝም። ቢገጥመኝም የሚደነግጡት ወላጆቹ ናቸው። ነገር ግን አሜሪካም ውስጥ ቢሆን እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ እንዲህ የሚል ሕፃን ሊኖር አይችልም ነበር፤ ሙያው ራሱ ገና አልተወለደም ነበራ! ከዚያ በኋላ ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው የሚያሰማራ የእንጀራ መንገድ ሆነ።

እንዴት? ዛሬ የማወጋችሁ ይህንን ታሪክ ነው። ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ሙያው የተወለደው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይደለም። የተወለደው አንድ ሰፈር ውስጥ በተነሣ ጠብ ነው፤ አሳዳጊው ደግሞ «ሂሳቡን ማን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ ነው። (በነገራችን ላይ፣ «በእኛ አቆጣጠር» ካላልኩ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።)

በአንድ ዶላር የተሸጠ ጉድጓድ

ኒያጋራ ፏፏቴን በፊልምም ሆነ በፖስት ካርድ ሳታዩት አትቀሩም። ከፏፏቴው አጠገብ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኒያጋራ ፎልስ የምትባል ከተማ አለች። በ1890ዎቹ ዊሊያም ላቭ የሚባል አንድ ሕልመኛ ነጋዴ እዚያ መጣና «ወንዙን በቦይ ጠልፌ፣ በቦዩ ኤሌክትሪክ አመንጭቼ፣ በኤሌክትሪኩ አዲስ ከተማ እገነባለሁ» አለ። ቁፋሮውን ጀመረ። ገንዘቡ አለቀ። ሕልሙ ቀረና አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቦይ ብቻ ተረፈ። ሰፈሩም በሰውየው ስም «ላቭ ካናል» ተባለ። «የፍቅር ቦይ» ብላችሁ ብትተረጉሙት አልፈርድባችሁም፤ ቀጥሎ የመጣው ግን ከፍቅር ጋር አይገናኝም።

ከ1942 እስከ 1953 ባለው ጊዜ ሁከር ኬሚካል የተባለ ኩባንያ የፋብሪካውን ዝቃጭ በበርሜል በበርሜል እያደረገ ቦዩ ውስጥ ቀበረ። ጠቅላላው 21 ሺህ ቶን ገደማ ነበር። ይህ በድብቅ፣ በሌሊት የተደረገ ነገር እንዳይመስላችሁ። በዘመኑ የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ እንዲያውም ቦዩ የተቆፈረበት ሸክላማ አፈር ውኃ ስለማያሳልፍ ቦታው ለመቅበሪያ ጥሩ ነው ተብሎ ነበር። ሲሞላ ከላይ በሸክላ አፈር ከደኑት።

በ1953 የከተማዋ የትምህርት ቦርድ ለትምህርት ቤት መሥሪያ ቦታ ፈለገ። ኩባንያው መሬቱን በአንድ ዶላር ሸጠለት። አዎ፣ በአንድ ዶላር። ከውሉ ጋር ግን ብልህ አንቀጽ ገባች፤ እዚህ የኬሚካል ዝቃጭ ተቀብሯል፣ ወደፊት ሰው ቢጎዳ ወይም ቢሞት ኩባንያው አይጠየቅም የምትል። ትምህርት ቤቱ ተሠራ፣ በ1955 ተከፈተ። ዙሪያውን ቤቶች ተገነቡ። ለፍሳሽ ቧንቧና ለመንገድ ሲባል መሬቱ ሲቆፈር ያ ሸክላ ክዳን ተበሳሳ። ቤት የገዙት ቤተሰቦች ግን ያቺን አንቀጽ አንብበው አያውቁም። ማን ያሳያቸዋል?

እስቲ አሁን አንድ ገንዳ አስቡ። ሥሩና ጎኑ ውኃ አያሳልፍም፤ ክዳኑ ግን ቀዳዳ ነው። ዝናብና በረዶ በገባ ቁጥር ይሞላል። ሞልቶ ሲፈስ ደግሞ ከሥር የተቀመጠውን ነገር ይዞ ነው የሚፈሰው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከባድ በረዶ ጣለ፤ ገንዳው ሞላ። ጥቁር ቅባታም ፈሳሽ በየቤቱ ምድር ቤት ግድግዳ ላይ መውጣት ጀመረ። የዛጉ በርሜሎች ከመሬት ብቅ ብቅ አሉ። ከመርዞቹ መካከል ዳዮክሲን ይገኝበታል፤ በጥቂቱ እንኳ እጅግ አደገኛ ከሆኑት አንዱ ነው።

ካርታ የሠሩ የቤት እመቤቶች

በ1978 ማይክል ብራውን የተባለ የናያጋራ ጋዜት ጋዜጠኛ ጉዳዩን ተከታትሎ ጻፈ። ያንን ካነበቡት መካከል ሎይስ ጊብስ የምትባል የ27 ዓመት የቤት እመቤት ነበረች። ልጇ የሚማረው እዚያ ትምህርት ቤት ነው፤ ታማሚም ሆኖባታል። «ልጄን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አዛውሩልኝ» ብላ ጠየቀች። አልተፈቀደላትም። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ የጎረቤት በር ማንኳኳት ጀመረች።

በር ስታንኳኳ የምትሰማው ተመሳሳይ ነው። ያስወረዳት እናት፣ ከነጉድለቱ የተወለደ ልጅ፣ የማይለቅ ራስ ምታት። ቤቨርሊ ፔገን የምትባል የካንሰር ተመራማሪ ልትረዳቸው መጣች። ሴቶቹ የሰበሰቡትን መረጃ በሰፈሩ ካርታ ላይ ሲያሰፍሩት በሽታው በዘፈቀደ አልተበተነም። ቤቶቹ ከመሠራታቸው በፊት ዝናብ ሲወርድባቸው የነበሩና በኋላ በአፈር የተደፈኑ ፈፋዎችን ተከትሎ የሚሄድ መሰለ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ወንዝ ላይ ቤት ብትሠራም ክረምት ሲመጣ ወንዙ የድሮ መንገዱን አይረሳም።

የግዛቱ ባለሥልጣናት ይህን የቤት እመቤቶች ጥናት መጀመሪያ ላይ አጣጣሉት። ስለ በሽታዎቹ መንስኤ የተነሣው ክርክርም ለብዙ ዓመታት ዘልቋል። የሆነ ሆኖ ነሐሴ 2 ቀን 1978 የኒው ዮርክ ግዛት የጤና ኮሚሽነር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ፤ ነፍሰ ጡሮችና ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከቦዩ አቅራቢያ እንዲወጡ መከሩ። ከአምስት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ካርተር የፌዴራል አስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ለቦዩ ቅርብ የነበሩ 239 ቤተሰቦች ቤታቸው ተገዝቶ ወጡ። ራቅ ብለው የሚኖሩት ግን ተረሱ። በግንቦት 1980 ነዋሪዎቹ ንዴታቸው ገንፍሎ ሁለት የፌዴራል መንግሥቱን የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ሠራተኞች አንድ ቤት ውስጥ ለሰዓታት አግተው አቆዩ። ካርተር ሁለተኛውን አዋጅ ያወጡት ከዚያ በሁለት ቀን ውስጥ ነው።

ልብ በሉ። እስካሁን በታሪካችን ውስጥ አንድም የጽዳት ባለሙያ አልገባም። ያየነው ጋዜጠኛ፣ እናቶች፣ አንዲት ተመራማሪና የተቆጣ ሰፈር ብቻ ነው።

ሂሳቡን ማን ይክፈል?

ሰዎቹ ወጡ። መርዙስ? ማን ያውጣው? በማን ገንዘብ? መንግሥት «ኩባንያው ይክፈል» ይላል። ኩባንያው «በጊዜው ሕጋዊ ነበር፣ መሬቱንም ሸጫለሁ» ይላል። የትምህርት ቦርዱ «ከየት አምጥቼ» ይላል። የሦስቱም መልስ በየራሱ እውነት አለው፤ መርዙ ግን እስኪስማሙ አይጠብቅም።

ኮንግረሱ በታኅሣሥ 1980 «ሱፐርፈንድ» በሚል ስም የሚታወቀውን ሕግ አወጣ፤ ካርተር በ11ኛው ቀን ፈረሙበት። ሕጉ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ በነዳጅና በኬሚካል ላይ ልዩ ግብር ጥሎ ለአምስት ዓመት 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚሰበስብ ቋት አቋቋመ፤ ባለቤቱ የጠፋ ወይም የከሰረ መሬት በዚህ ይጸዳል። ሁለተኛውና ጠንካራው ደግሞ፣ የበከለ ይክፈል አለ። በጊዜው ሕጋዊ ቢሆንም ይክፈል። ከብዙዎች ጋር ቢበክልም፣ ሌሎቹ ከጠፉ፣ የሁሉንም ሊከፍል ይችላል። ያቺ የአንድ ዶላር ውል ላይ የገባችው ብልህ አንቀጽ ብልህነቷ እዚህ ላይ አበቃ። የሁከር ባለቤት የሆነው ኦክሲደንታል ኩባንያ በ1994 ለኒው ዮርክ ግዛት 98 ሚሊዮን፣ በ1995 ደግሞ ለፌዴራል መንግሥቱ 129 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ሙያው የተወለደው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፊትም ስለ ከርሰ ምድር ውኃ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራቸው ግን የመጠጥ ውኃ መፈለግ ነበር። የተበከለ መሬትም ሞልቶ ነበር። ያልነበረው ከፋይ ነው። ከፋይ ሲመጣ ሥራ መጣ፣ ሥራ ሲመጣ ባለሙያ መጣ።

ሥራ ፈላጊው ሲጎርፍ

በመስከረም 1983 መንግሥት ቅድሚያ የሚሰጣቸውን የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ሲያወጣ 406 ቦታዎች ነበሩበት። ዛሬ ጸድተው የተሰረዙት ሳይቆጠሩ ከ1,300 በላይ ናቸው። ለእያንዳንዱ ቦታ ቆፋሪ ያስፈልጋል፣ ናሙና የሚወስድ ያስፈልጋል፣ የላቦራቶሪ ኬሚስት፣ መርዙ ሰው ላይ የሚያደርሰውን የሚያሰላ፣ ፓምፑን የሚነድፍ መሐንዲስ፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር የሚነጋገር፣ ሪፖርት የሚጽፍ ያስፈልጋል። በ1984 ደግሞ ከመሬት በታች ያሉ የነዳጅ ታንከሮችን የሚመለከት ሕግ ወጣ። በየመንደሩ ያለ ነዳጅ ማደያ ሲፈተሽ የሚያንጠባጥበው ታንከር ብዛት ጉድ አሰኘ፤ እስካሁን በመዝገብ የተረጋገጠው ከ5 መቶ ሺህ ይበልጣል።

የሚገርመው አጋጣሚ ደግሞ ይኸውላችሁ። በ1986 የነዳጅ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። የነዳጅ ኩባንያዎች ጂኦሎጂስቶቻቸውን በገፍ አሰናበቱ። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሩት ዘይት መሬት ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ነው። ብዙዎቹ ኮፍያቸውን ቀይረው ወደ ጽዳቱ ሥራ ገቡ። ትናንት ዘይት ፍለጋ ይቆፍር የነበረ ሰው ዛሬ የፈሰሰውን ዘይት ፍለጋ ይቆፍራል። እንጀራ እንጀራ ነው!

ሥራው ግን አደገኛ ነበር። በ1986 ሕጉ ሲሻሻል የሠራተኞቹ ደኅንነት ተነሣ፤ ከዚያ በወጣው ደንብ መሠረት አደገኛ ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የ40 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ፣ ሦስት ቀን በአለቃ ሥር መስክ ላይ መሥራት፣ በየዓመቱም የ8 ሰዓት ክለሳ መከታተል ግድ ሆነ። በፊልም የምናያቸው ከእግር እስከ ራሳቸው በፕላስቲክ የተጠቀለሉ፣ አየር በጀርባቸው የተሸከሙ ሰዎች የዚህ ደንብ ልጆች ናቸው። ዲግሪ የሌለው ወጣትም በዚህ የ40 ሰዓት ወረቀት ወደ ሙያው የሚገባበት በር ተከፈተለት።

ከሁሉም በላይ የበለጸገው ግን ባለ ፕላስቲኩ አይደለም፤ ባለ ከረባቱ ነው። «የበከለ ይክፈል» ሲባል «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው» የሚል ክስ ዘነበ። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ1992 ባወጣው ጥናት፣ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች በሱፐርፈንድ ጉዳይ ካወጡት ገንዘብ 88 በመቶው የሄደው ለጠበቃና ለመሳሰለው ወጪ ነው። ከመቶ ብር አሥራ ሁለቱ ነው ወደ አፈሩ የደረሰው።

መሬት አልመልስም ሲል

በ1980ዎቹ የነበረው እምነት ቀላል ነው። ውኃው ተበክሏል? ጉድጓድ ቆፍር፣ በፓምፕ ሳበው፣ ከላይ አጣራው። ጥቂት ዓመት ስትስብ ንጹሕ ይሆናል። ተባለና ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሁሉም ይደሰታል። ከዚያ መውረዱን ያቆማል። ፓምፑን ሲያጠፉት ደግሞ ብክለቱ ተመልሶ ይወጣል።

በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እንዲህ ያለ ሥራ የተሠራባቸውን 77 ቦታዎች ገምግሞ ከግባቸው አልደረሱም ያላቸው 69 ናቸው። የደረሱት ስምንት! ብዙ ገንዘብ ፈስሶ፣ ብዙ ጎበዝ ሰው ተቀጥሮ።

ምክንያቱ ምን ነበር? ፍሪድሪክ ሽቪለ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አሸዋና ውኃ አድርጎ፣ ከላይ ኬሚካል እያፈሰሰ የሚሆነውን በዓይኑ አይቶ ነበር። ሥራው በ1988 በእንግሊዝኛ ታተመ። ትራይክሎሮኢቲሊን የሚባለውን እንውሰድ፤ ፋብሪካዎች የብረት ዕቃ ላይ ያለ ቅባት ለማስለቀቅ የሚጠቀሙበት ነበር። ቤንዚን ቢሆን ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ይህኛው ግን ከውኃ ይከብዳል። ስለዚህ ይሰምጣል፤ የውኃውን ንጣፍ ሰንጥቆ ይወርዳል፣ በየአሸዋው ቀዳዳና በየድንጋዩ ስንጥቅ እየተሸጎጠ ይቀመጣል። ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየሟሟ ውኃውን ሲመርዝ ይኖራል። ፓምፑ የሚስበው የሟሟውን ነው፤ ምንጩ ከሥር ተኝቷል።

«ጥቂት ጥቂት» ስል እንዳትንቁት። የአሜሪካ የመጠጥ ውኃ ደንብ የሚፈቅደው በሊትር 5 ማይክሮግራም ነው። ሂሳቡን ሥሩት። አንድ ሊትር ትራይክሎሮኢቲሊን 290 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውኃ እስከዚህ ወሰን ሊያደርስ ይችላል። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ የውኃ ቦቴ ቢቆጠር 29 ሺህ ቦቴ ነው። ከአንድ ሊትር!

ላቭ ካናልስ? እዚያ ያለው 21 ሺህ ቶን ዝቃጭ ዛሬም እዚያው ነው። አልወጣም። በሸክላና በፕላስቲክ ተከድኖ፣ በአጥር ተከልሎ፣ ዙሪያውን የሚያንጠባጥበው ውኃ በቦይ እየተሰበሰበ ይጣራል። በ2004 ከሱፐርፈንድ ዝርዝር ቢሰረዝም ማጣሪያው አልቆመም። ሙያው ራሱን «ጽዳት» ብሎ ቢጠራም ከሥራው ትልቁ ክፍል ጥበቃ ሆኖ ቀረ። አበው ትንሽ ልክ ነበሩ ማለት ነው።

የብረት ብናኝና የፍሳሽ ባክቴሪያ

ውድቀቱ ግን ለሙያው መልካም ሠራለት። «ፓምፕ ብቻ» የሚለው ሲያበቃ አሳቢዎች ተራ ደረሳቸው።

ካናዳ ውስጥ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ጊልሃም እና ባልደረቦቹ ተራ የብረት ብናኝ እነዚያን ከባድ ኬሚካሎች እንደሚሰባብር አስተዋሉ። ከዚያ ሐሳቡ ቀላል ሆነ፤ ውኃውን ከመሳብ ይልቅ የሚሄድበት መንገድ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ የብረት ብናኝ ግድግዳ መቅበር። ውኃው በራሱ ጊዜ እያለፈ ይጸዳል፤ ፓምፕ የለ፣ መብራት የለ። በ1991 ቦርደን በሚባል የጦር ሠፈር ሞከሩት፣ ሠራ።

በሚኒሶታ ግዛት ቤሚጂ አጠገብ በነሐሴ 1979 የነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ያህል ድፍድፍ ዘይት ፈስሶ ነበር። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከ1983 ጀምሮ ቦታውን የመስክ ላቦራቶሪ አደረገው። ያገኙት ነገር ይደንቃል፤ አፈሩ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ዘይቱን እየበሉ ብክለቱ እንዳይስፋፋ ይዘውታል። በ1997 ደግሞ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከኢታካ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ዝቃጭ ውስጥ፣ ከትራይክሎሮኢቲሊን ጋር ዘመድ የሆነውንና ልብስ በደረቅ ለማጠብ የሚውለውን ኬሚካል ወደማይጎዳ ጋዝ የሚለውጥ ባክቴሪያ ለይተው አወጡ። መድኃኒቱ ከሽንት ቤት ፍሳሽ ተገኘ። ዛሬ እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎች ተራብተው ለጽዳት ይሸጣሉ።

ሙያውም ፊቱን ለወጠ። ከቆፋሪና ከመሐንዲስ በተጨማሪ የባዮሎጂ ተማሪ ተፈለገ። ያ የግብር ቋት ግን በ1995 መጨረሻ ጊዜው አልፎበት ቆመ፤ ቋቱ እየደረቀ ሄደ፣ የጽዳቱም ፍጥነት ቀነሰ። በ2021 በወጣ ሕግ የኬሚካሉ ግብር ተመለሰና ከሐምሌ 2022 ጀምሮ መሰብሰብ ያዘ። ከላይ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ከፋይ ሲጠፋ ሥራ ይጠፋል፣ ከፋይ ሲመጣ ይመለሳል።

ወደ ቤታችን ስንመጣ

እኛስ ጋ? ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው እንዳትሉ። ለአንበጣ መከላከያና ለግብርና እየተባለ ለአሥርት ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ የገባ ፀረ ተባይ ኬሚካል ጊዜው አልፎበት በየክፍለ ሀገሩ መጋዘን ተከምሮ ነበር። በርሜሎቹ ዛጉ፣ ይዘታቸው ወደ አፈር ሾለከ። በአፍሪካ ውስጥ ካሉት ታላላቅ ክምችቶች አንዱ የእኛ ነበር። በ2000 አካባቢ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት አስተባባሪነት ሥራ ተጀመረ። መርዙ ከየመጋዘኑ ተሰብስቦ፣ እንደገና ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ ፊንላንድ ድረስ ሄደና በከፍተኛ ሙቀት ተቃጠለ። በመጀመሪያው ዙር ብቻ 1,500 ቶን ገደማ።

ፊንላንድ! እኛ ጋ በብቃት የሚያቃጥል ምድጃ አልነበረማ። የከፈሉት ለጋሾች ናቸው፣ ሥራውን የመራው የውጭ ኩባንያ ነው። ሥራው ተሠራ፣ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ታሪኩ የነገረንን ደግሞ እዚህ እናየዋለን። ከፋዩ ከውጭ ሲመጣ ሙያውም ከውጭ ይመጣል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ይሄዳል።

ሕግ የለንም ማለት ግን አንችልም። በእኛ አቆጣጠር በ1995 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ብክለት ያደረሰ ሰው የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዝዛል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። ሱፐርፈንድን የወለደው ሐሳብ፣ በአጭሩ፣ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ተቀምጧል። የቀረው ማስከፈሉ ነው። ማስከፈል ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ከየትኛው ግቢ ወጣ፣ መቼ፣ ምን ያህል፣ በየት በኩል ሄደ የሚል። ይህን የሚመልሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ናሙና የሚወስድ ባለሙያ ነው። ዳኛ በግምት አይፈርድም።

አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ትልቅ ድርሻ የሚወጣው ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። ከከተማዋ ቁልቁል፣ ከፋብሪካውና ከጋራዡ ሁሉ በታች። ረጲን፣ ማለትም ቆሼን፣ በ2017 ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን ስለበላ እናውቀዋለን። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከሥሩ ወደ መሬት የሰረገው ውኃ ግን ድምፅ ስለሌለው አይነሣም። ከርሰ ምድር ክፋቱ ይኸው ነው፤ ሲበከል አይሸትም፣ አይታይም። ላቭ ካናል ላይ ከቀበሩት እስከ ጮኹት ድረስ ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቷል።

እናስ ምን ይጠና?

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሳይሆን አይቀርም ገና ዲፓርትመንት ያልመረጣችሁ፣ ወይም መርጣችሁ የተጸጸታችሁ። እንግዲህ ስሙኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የከርሰ ምድር ውኃ ጥናት ያስተምራል። ተመራቂው በአብዛኛው የሚሄደው ውኃ ወደማውጣት ሥራ ነው፤ ያው ከ1980 በፊት እንደነበሩት አሜሪካውያን ማለት ነው። ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ የአፈር ሳይንስ፣ ሲቪል ምሕንድስና ያጠናም ወደዚህ ሥራ መግባት ይችላል። ሕግ የምታጠኑ ደግሞ፣ ከመቶ ሰማንያ ስምንቱን ካልበላችሁት፣ ከሁሉም በፊት የምታስፈልጉት እናንተ ናችሁ። አዋጅ 300ን ይዞ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ሳይኖር ሃይድሮጂኦሎጂስቱ ሥራ አያገኝም።

ጋዜጠኛ መሆን የምትፈልጉም አትከፉ፤ የመጀመሪያውን ዜና የጻፈው የሰፈር ጋዜጣ ዘጋቢ ነው። ሎይስ ጊብስ ደግሞ ምንም ዲግሪ አልነበራትም። የነበራት ወረቀትና ጎረቤት ነው።

እስከዚያው ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ከሁሉም ቴክኖሎጂ ይረክሳል። ሰፈራችሁ ያለው ጋራዥ የተቃጠለ ዘይቱን የት እንደሚደፋው ጠይቁ። ነዳጅ ማደያው ታንከሩ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቁ። ሳይቆጡ፣ በትሕትና። መልሱን ደግሞ ጻፉትና ቀን አድርጉበት፤ አንድ ቀን ካርታ የሚሠራ ሰው ሊፈልገው ይችላል።

ቸር እንሰንብት።